ያላለቀ ስም

አክስቴ ማንጠግቦሽ የምትሠራው ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ፣ የሠራተኞች ምግብ ቤት ነው። ሌሎች ጓዳ ሆነው ይልጣሉ፣ ይከትፋሉ፣ ያማስላሉ። የእሷ ሥራ መጭለፍ ነው። ሰልፉ የሚያልቅበት ባንኮኒ ላይ፣ ሕፃን ሊታጠብበት ከሚችል የሾርባ ድስት ጀርባ ትቆምና እጀታው የክንዷን ያህል የሚረዝም ጭልፋ ይዛ የፋብሪካውን ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ታየዋለች። «ሥራ አስኪያጁም ሳይቀር ሲርበው እንደ ልጅ ነው የሚያየኝ» ትላለች።

መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት የገረመኝ እሷ ሳትሆን የእጅ መታጠቢያው ነበር። የሳሙና ፋብሪካ ሆኖ ቧንቧው አጠገብ ሳሙና የለም። ለምን እንደሌለ ስጠይቃት «ምን ያደርግላቸዋል? ውሃውን ብቻ ይክፈቱት፤ አረፋው ከራሳቸው ነው የሚወጣው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። የማሸጊያ ክፍል ሰዎች እጃቸውን ቧንቧው ሥር እንዳደረጉ እስከ ክርናቸው ነጭ ሆኑ። እየተሳሳቁ አረፋውን እርስ በርስ ሲቀባቡ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አክስቴ ግን ከኋላዬ «እንግዲህ ዝጊው፤ ዝንብ ይገባል» አለችና ወደ ድስቷ ሄደች።

ስሟ የፍቅር ስም ነው። ማን ጠግቦሽ፦ አንቺን አይቶ የሚጠግብ ማን አለ፣ እንደማለት። አትጠገብ የሚባሉ ሴቶች አሉ፤ የስሟ የቅርብ ዘመድ ያ ነው። ችግሩ ግን በአማርኛ ዓይንም ይጠግባል፣ ሆድም ይጠግባል። ስሙ የወጣላት ለዓይን ነበር። ፋብሪካው ግን ወስዶ ለሆድ አደረገው።

ለዚህ ምክንያቱ አጨላለፏ ነው። ጭልፋውን ታጠልቃለች፣ ሞልታ ታወጣለች፣ ከዚያ ከመገልበጧ በፊት ድስቱ ላይ አንዴ ነቅነቅ ታደርገዋለች። ከላይ ያለው ተመልሶ ድስቱ ውስጥ ይወድቃል። የቀረው ሳህን ላይ ይፈስሳል። የተራበ ሰው ዓይኑ እያየ ሁለት ሦስት የድንች ቁራጭ ወደ መጣበት ሲመለስ ማየት አይወድም።

«እትዬ፣ ያንቺ ጭልፋ ሰው ባየ ቁጥር ለምንድን ነው ራሱን የሚነቀንቀው?» ይላታል አንዱ።

«አይሆንም እያለህ ነው፤ አልገባህም?» ይላል ከኋላው ያለው።

«ግብር ነው እንጂ። መንግሥትም እንደዚህ አይቆርጥብንም።»

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ሳህኑን የተቀበለው ሰውዬ ወደ ውስጡ ጎንበስ ብሎ ያይና፣ እንደ መነኩሴ ቃተት ብሎ «እንዲያው ማን… ጠግቦሽ» ይላል። ወንበሩ ሁሉ በሳቅ ይንጫጫል። እሷም ትስቃለች፤ «አንተን ለማጥገብ ድስቱ ውስጥ መግባት ነበረብኝ» ብላ ታሳልፈዋለች። ለምን እንደምትነቀንቀው አንዴ ጠይቄያታለሁ። «እንዳይንጠባጠብ ነው» ብላኛለች።

ስሟ ሌላም አመል አለው። ሰው ሁሉ አንቺ እንዲላት ያስገድዳል። «እትዬ» ብሎ በአክብሮት የጀመረ ሰው እንኳ ስሟ ጋ ሲደርስ ‹ሽ› ብሎ ይጨርሳል፤ ምርጫ የለውም። በዚህ ወጥመድ የተያዘው ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው።

ፋብሪካው ውስጥ ይህን ሰውዬ ሁሉም መብራት ይለዋል። ሚስቱ ከሞተች የቆየ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ከደረት ኪሱ ትንሽዬ ጠመንጃ መፍቻ የማትጠፋ ሰው ነው። ማሽን የሚጠገነው ሌላው ሰው ለምሳ ሲወጣና ማሽኑ ሲቆም ስለሆነ፣ ሁልጊዜ ምሳ የሚበላው መጨረሻ ላይ ነው። ሌሎቹ ጥርሳቸውን እየፋቁ «መብራት መጣ» ይላሉ። በልቶ ሲወጣ ደግሞ «መብራት ሄደ» ብለው ወደ ሥራቸው ይነሳሉ። የሥራ ደወል አያስፈልጋቸውም።

ይህ ሰው በተቀጠረ ሰሞን፣ ሾርባውን ተቀብሎ ሊያመሰግናት ፈልጎ ስሟን ጠየቀ።

«ማንጠግቦሽ» አለችው።

መብራት ለማያውቃት ሴት ‹ሽ› ማለት ነውር ሆነበት። ሳህኑን እንደያዘ ትንሽ አሰበና «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ ማንጠግቦዎት» አለ።

ስምን እንደ ግስ ያረባ ሰው ያኔ ነው መጀመሪያ የሰማሁት። ምግብ ቤቱ ለሳምንት ያህል በዚህ ሳቀ፤ ግማሹ እስከ ዛሬ ይስቃል። አክስቴም እቤት መጥታ ስትነግረን እንባዋ እስኪወርድ ነው የሳቀችው። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ ስሟን አንዴም አልጠራም። «እንዴት ዋሉ?» ይላል፤ «እርስዎስ?» ትላለች፤ ሳህኑን ይዞ ይቀመጣል። ይኸው ነው። እኔ ይህን ነገር ከአንዴም ሁለቴ አይቼው፣ ሁለት ሰዎች በሁለት ቃል ይህን ያህል ሊቆዩ መቻላቸው ደንቆኛል። አያቴ ስነግራት «ሾርባው ትኩስ ሆኖ ነው» አለች።

እንግዲህ አንድ ቀን፣ የምግብ ቤቱ መስኮት ላይ አንድ ሰው በሳሙና ስሟን ጻፈ። ስሟን ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ከስሙ ኋላ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል።

ማንጠግቦሽ?

አክስቴ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ወጣች። ስታሸው አረፋ ሆነ፤ ባሸችው ቁጥር ይበልጥ ነጭ ሆነ። ከውስጥ ያሉት በመስታወቱ ሲያዩዋት፣ በገዛ ስሟ አረፋ ውስጥ ቆማ ስታሽ ትታያለች። ያን ዕለት መልስ አልሰጠቻቸውም። ማታ ራት ላይ «በቀልድ ስጠራ ኖሬያለሁ፤ እሱስ ይሁን። በጥያቄ ምልክት ግን አልጠራም» አለችን። በማግስቱ አስተዳደር ሄዳ፣ ከከተማው ወዲያ ማዶ ወደተከፈተው አዲሱ ፋብሪካ እንዲያዛውሯት ጠየቀች። እሺ አሏት። እዚያ ማንም አያውቃትም። አዲስ ስም ይዛ ልትገባ ቆረጠች።

ስም ለመምረጥ ያገዘቻት የምግብ ቤቱ በር ላይ የምሳ ቲኬት የምትሰበስበው ቲኬት ቆራጯ ናት። እሷ ዘመናዊ ልጅ ስለሆነች ነገሩን እንደ ጫማ አየችው፤ ለክተሽ ካልሄድሽበት አታውቂውም አለቻት። በተስማሙት መሠረት መጀመሪያ የተለካው ‹ሰላም› ነበር። ሰልፉ ሞልቶ ሳለ ቲኬት ቆራጯ ከበሩ ሆና «ሰላም» ብላ ተጣራች። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ «ሰላም፣ ሰላም፤ እንዴት ነሽ?» አለ። አክስቴ ብቻ አልሰማችም፤ ድስት እያማሰለች ነበር።

በነጋታው ‹ትዕግሥት›ን ሞከሩ። ይህኛው የባሰ ሆነ። ዳቦው ዘግይቶ ሰዉ ተሰላችቷል። ቲኬት ቆራጯ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ትዕግሥት» ብላ ስትጮህ፣ ሰልፉ በአንድ አፍ ተነሳባት።

«እስከ መቼ ነው የምንታገሠው?»

«አንቺ በልተሽ ነው የምታወሪው፤ እኛን ትዕግሥት ትይናለሽ?»

አክስቴ ስሙን እዚያው ጣለችው። «አዲሱ ቦታ የምገባ ዕለት ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንዱን አወጣለሁ» አለች።

እኔ ነገሩን ያባባስኩት በዚህ መሐል ነው። ቅዳሜ ልብስ እያጠብን፣ ስሟ ለካ ሙሉ አለመሆኑ ድንገት ታየኝ። አንሶላውን ከነአረፋው ለቅቄ ነገርኳት። «በልቶ» ብለሽ አታቆሚም፤ በልቶ ሄደ፣ በልቶ ተኛ ትያለሽ። «ጠግቦ»ም እንደዚያው ነው፤ ከኋላው ሌላ ቃል ይጠብቃል። ማን ጠግቦሽ… ምን? ይሄዳል? ይነሳል? ይተኛል? ስምሽ መሐል መንገድ ላይ የቆመ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዕድሜሽን ሙሉ ሰው በግማሽ ሲጠራሽ ኖሯል፤ ይህን የመሰለ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

አክስቴ አንሶላውን ከውሃው አወጣችና ጨመቀችው።

«አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ከርመሽ፣ ያመጣሽልኝ ዜና ስሜ አላለቀም የሚል ነው?»

ሳቀች። ሆኖም አንሶላውን ካሰጣች በኋላም እዚያው ገመዱ ሥር ቆማ ቀረች። «ምን ሊሆን ይችላል ቀሪው?» አለች። ከዚያም እጇን በቀሚሷ እያደራረቀች ወደ ቤት ገባች። እናቷን ልትጠይቅ ነው።

አያቴ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበሯ ተቀምጣ የጎረቤት ሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ጆሮዋ ደክሟል ይባላል፤ እኔ እንደማየው ግን የማትፈልገውን ነው የማትሰማው።

«እማዬ፣ ስሜን ያወጣልኝ ማነው?»

«ምን አጠፋሽና ነው?»

«ምንም። ማነው ያወጣው?»

«አባትሽ ነዋ።»

«ምን ብሎ?»

አያቴ መርፌዋን ሸሚዙ ላይ ሰክታ ቀና አለች። «አባትሽ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ሌሊቱን ምድጃ ፊት ቆሞ ያድራል። አንቺ የተወለድሽ ለታ ጠዋት እንደመጣ፣ ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ እንዳለ አቀፈሽ። እዚህ ወንበር ላይ ነው፤ ይሄው ራሱ ነው። ሲያይሽ፣ ሲያይሽ፣ ሲያይሽ ቆየና ‹ማን ጠግቦሽ…› አለ።»

«እሺ?»

«ተኛ።»

«ምን አልሽ?»

«ተኛ ነው የምልሽ። አንቺን እንዳቀፈ፣ አፉን እንደከፈተ። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ቀሪውን እጠብቃለሁ፤ እሱ ያንኮራፋል።»

«ሲነሳስ አልጠየቅሽውም?»

«እንዴት አልጠይቅ። ‹ምን ልትል ነበር?› ብለው ‹መቼ?› አለኝ። በቃ፣ ትዝ እስኪለው ድረስ ብለን በዚያው ጠራንሽ። ዛሬ ነገ ስንል ማንጠግቦሽ ሆነሽ ቀረሽ።»

እኔ በሳቅ ፈርሼ ነበር። አክስቴን ሳያት ግን ሳቄን ዋጥኩት። የሆነ ነገር ጠብቃ ኖሯል ለካ፤ ጥያቄ ምልክቱን የሚያጠፋላት አንድ ቃል።

«ታዲያ ይሄ ስም ነው? ማዛጋት እኮ ነው» አለች። «ልቀይረው ነው፣ እማዬ። አዲሱ ቦታ በሌላ ስም ነው የምገባው።»

«ቀይሪው» አለች አያቴ፤ መርፌዋን መልሳ አነሳች። «የኔ ጭንቀት ለአባትሽ ነው። እዚያ ሰማይ ቤት ሆኖ ቀሪው ትዝ ሲለው ማንን ብሎ ይጥራ?»

በቀጣዩ ዓርብ ምግብ ቤቱ ሄድኩ፤ የአክስቴን የመጨረሻ ቀን ላይና ዕቃዋን ልሸከምላት። ዕቃ ማለት አንድ ስኒ፣ አንድ ሽርጥና ሰልፍ ሲላላ የምታርፍባት በርጩማ ናት። ለማንም አልተናገረችም፤ ከእኔና ከቲኬት ቆራጯ በቀር እዚያ የሚያውቅ አልነበረም። ጭልፋውን አነሳች፣ አጠለቀች፣ ሞልታ አወጣች፣ ገለበጠች። አልነቀነቀችውም።

የመጀመሪያው ሰውዬ ሳህኑን አይቶ፣ እሷን አይቶ፣ ደግሞ ሳህኑን አየ። «እትዬ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። እለፍ።»

«አይ፣ ያመመሽ መስሎኝ ነው።»

ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሞልቶላቸው ሄዱ። ሰልፉ ውስጥ ወሬው ዞረ፤ «ዛሬ ጭልፋው ራሱን አይነቀንቅም» ተባለ። ሰዎች ሳህናቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንዳይፈስባቸው እንደ ሙሽራ ቀስ እያሉ ይራመዱ ነበር። ማንም «ማን ጠግቦሽ» አላለም። ማለት የሚችል አልነበረም፤ ሁሉም ጠግቧል። አክስቴ ድል ያደረገች ይመስል ቀጥ ብላ ቆማለች። ሰልፉ ሲያልቅ ድስቱን ጎንበስ ብላ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«መብራት መጣ» አለ አንዱ።

መብራት እጁን ታጥቦ ሳህኑን ይዞ ቀረበ። የእሱ እጅ አረፋ አያወጣም፤ ማሽን ዘይት ነው የሚሸተው። «እንዴት ዋሉ?» አለ።

«አለቀ» አለች አክስቴ።

እኔም አየሁት። የድስቱ ግርጌ ላይ አንዲት የካሮት ቁራጭ ብቻዋን ተጣብቃለች።

«ምንም አይደለም፤ አይጨነቁ። ዳቦው ይበቃኛል» አለ መብራት።

ከማሸጊያ ክፍል የመጣው ረጅሙ ሰውዬ፣ ከሁሉ በላይ የሚያሾፈው፣ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሞልቶ የነበረውን ሳህኑን አየ፤ ባዶውን ድስት አየ፤ መብራትን አየ። ነገሩ በፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲበራ ይታየኝ ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ፣ እትዬ። ያ ሁሉ ነቅነቅ ለሱ ነበር እንዴ?»

«እንዳይንጠባጠብ ነው ያልኩህ» አለች።

«እይዋት። በሉ ስሙ፤ ግብር ግብር ስንል፣ እስከ ዛሬ የመብራት ስንከፍል ነው የኖርነው።»

ሳቁ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። አክስቴ ፊቷን ወደ ጓዳው አዞረች። አንድ ያልሳቀ ሰው ቢኖር መብራት ነው።

«የምን ነቅነቅ?» አለ።

የእውነቱን ነበር የጠየቀው። አያውቅም። ለእሱ ጭልፋው አንዴም ተነቅንቆ አያውቅም፤ እሱ ሲደርስ አክስቴ ድስቱን በአንድ ወገን ታዘነብልና የቀረውን ጠርጋ ትገለብጥለታለች። ሰው ሁሉ የሚስቅበትን ቀልድ ይህን ሁሉ ጊዜ ሰምቶ፣ ምን እንደሆነ ሳይገባው ኖሯል። ረጅሙ ሰውዬ ባዶ እጁን ከፍ አድርጎ አሳየው፤ ነቅነቅ። መብራት እጁን አየ። የበላቸው ምሳዎች ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ፊቱ ሲመለሱ፣ ቆሞ ሲያሳልፋቸው ያየሁት መሰለኝ።

«ታዲያ ዛሬ ለምን…» አለ።

«ዛሬ የመጨረሻዬ ነው» አለች አክስቴ፤ ፊቷን ሳታዞር። «ከሰኞ ጀምሮ አዲሱ ፋብሪካ ነኝ። ልሄድ ነው።»

ሳቁ ቆመ። መብራት ባዶ ሳህኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ማን ጠግቦሽ ነው የምትሄጂው?» አለ።

ይህን ሲል ምን እንዳደረገ አላወቀም። እኔ ግን ስሙ ሲያልቅ በጆሮዬ ሰማሁት። ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ እንቅልፍ በፊት ተጀምሮ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሲንከራተት የኖረው ዓረፍተ ነገር፣ ግሱን አገኘና ከድስቱ አጠገብ ቁጭ አለ። የጥያቄ ምልክቱም ነበረበት፤ እንዲህ ሲሆን ግን የሚያምር ነገር ነው።

መብራት ዘግይቶ ነቃ። ‹ሽ› ብሏል፤ ያውም ደጋግሞ። ግንባሩ ላይ ላብ መጣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ማለቴ ማን ጠግቦዎት…»

«ተወው» አለች አክስቴ ዞር ብላ። «እንደጀመርከው ይሁን።»

ከባንኮኒው ሥር ለራሷ ያስቀረችውን ሳህን አወጣች። በሰው ፊት የራሷን ሾርባ በጭልፋ ቀዳች፣ አንዴ ነቅነቅ አደረገችውና የቀረውን የመብራት ባዶ ሳህን ላይ ገለበጠችለት።

«ይኸውልህ፤ ነቅነቅ ማለት ይሄ ነው።»

«ገባኝ» አለ መብራት፤ ሳህኑን ጎንበስ ብሎ አይቶ። «ሰዎቹ እውነታቸውን ነው።»

እሷ ናት ቀድማ የሳቀችው። ተቃርበው ተቀምጠው በሉ፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ብቻ ከሁለት ቃል ይበልጥ ነበር። እሱ በልቶ ሳይነሳ ስለቆየ ሰዉም ወደ ሥራ የሚገባበት ሰዓት ጠፋው። በመጨረሻ ስኒውንና ሽርጡን አንስቼ በርጩማዋን በብብቴ ይዤ ልወጣ ስል፣ አክስቴ ከወዲያ ማዶ «አንቺ ልጅ፣ ወንበሬን የት ትወስጂዋለሽ?» አለችኝ።

ለአስተዳደር ምን ብላ እንደቀረች ጠይቄያታለሁ። «መብራት መጣ አልኳቸው» አለችኝ።

ማታ ነገሩን ለአያቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። አክስቴ ሰሃን የምታጥብ መስላ ጓዳ ውስጥ አንድ ሰሃን ደጋግማ ታጥባለች። አያቴ ቁልፍ እየተከለች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«‹ማን ጠግቦሽ ነው የምትሄጂው› ነው ያለው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«አባቷ ሊል የነበረው እሱን አይደለም» አለች። «ያኔ የት ትሄዳለች? አንገቷን እንኳ አላቆመችም።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሸሚዙን ዘርግታ አየችው። «ሰውዬው የሌሊት ፈረቃ አለው?»

«የለውም» አለች አክስቴ ከጓዳ፤ ቶሎ።

«እንግዲያው ይምጣ» አለች አያቴ።